የሚሮጠው ወታደር

እንዳልክ ዴንቨር ውስጥ በአንድ ሙዚየም ጥበቃ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚቆመው ግድግዳውን ከሞላ አንድ የጦርነት ሥዕል ፊት ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በዘይት ቀለም የተሣለ ነው አሉ፤ ፈረስ፣ ጭስ፣ ደም። ታች ጥጉ ላይ አንድ ቁስለኛ እጁን ወደ ጓደኛው ዘርግቷል። ጓደኛው ዞር ብሎ ሳያየው ይሮጣል። ጎብኚ ሁሉ ፈረሶቹን ያደንቃል፤ እንዳልክ ግን ሯጩን ያውቀዋል።

እሱም ባድመ ግንባር ላይ እንዳሻው የሚባል ጓደኛውን ከነነፍሱ ጥሎት ሮጧል። ለእንዳሻው እናት ለእማማ ፈትለወርቅ ግን «በእጄ ቀብሬዋለሁ» አላቸው። ማጽናናቱ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ይህን ያለውን ሰው የሟች እናት ሃያ አምስት ዓመት አልመረቀችውም። እማማ ዛሬ እዚያው ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ በሚባል ሰፈር ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሙት ዓመቱ በመጣ ቁጥር «ልጄን አፈር ያለበሰልኝ» እያሉ ከሰው ሁሉ በፊት የሚመርቁት እንዳልክን ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጃቸው የሥራ ሺፍት ስለነበራት እንዳልክ እማማን ሥራ ቦታው ይዟቸው መጣ፤ ሥዕሉ ፊት ካለው አግዳሚ ላይም አስቀመጣቸው። ሲያዩት ቆዩ።

«ይሄ የሚሮጠው ወንድሙ ነው?»

«ጓደኛው ነው፣ እማማ።»

«ለእናቱ ምን ይላት ይሆን?»

«ቀብሬዋለሁ ይላታል» አለ እንዳልክ።

እማማ ከሥዕሉ ወደ እሱ ዞሩ። እንዳልክ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ አለቀሰ። «ስለየው ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ሆዱን ነው የተመታው። ድምፁ እየሰለለ ሲጠራኝ እሰማ ነበር። አልተመለስኩም።»

ቢረግሙት በተሻለው። እሳቸው ግን እጁን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«ሲሞት አላየህም?»

«አላየሁም፤ ግን እማማ፣ እንዲያ ቆስሎ የሚተርፍ የለም።»

«አላየህም» አሉ እንደገና፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። እንዳልክ ያን ብርሃን ሲያይ ፈራ።

በማግስቱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲያደርሳቸው በቀጥታ ወደ ቄሱ ሄዱ። የልጃቸው ስም ከሙታን ጸሎት ወጥቶ ከሕያዋን ጋር እንዲጠራ ለመኑ። ሴት ልጃቸው ብታለቅስም አልሰሟትም። የዘንድሮው ሙት ዓመት ቀረ። እማማ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ልጃቸውን መጠበቅ ጀመሩ።

አሁን በየቀኑ ለእንዳልክ ይደውሉለታል።

«ሲጠራህ ድምፁ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር፣ እማማ» ይላቸዋል።