እጅሽ ይባረክ

ሲሀም ዘንጉን ለሁለተኛ ጊዜ ስታነሳ ፈጡማ በአዳራሹ ማዶ የተወሳሰበ ገመድ ትፈታ ነበር። የድንኳኑ የብረት ዘንግ የሎሚን ቅንድብ ቀድሞውኑ ቀዶታል፤ ደሙ በአፍንጫዋ በኩል ወርዶ አዲሱ ሰማያዊ ሸሚዟ ላይ ይንጠባጠባል። ሁለተኛው ምት ትከሻዋ ላይ አረፈና ሎሚ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። የቀሩት ስምንት ልጆች እየጮኹ ወደ ግድግዳው ሸሹ።

«ሲሀም! ኧረ ተዪ! ሲሀም!»

ፈጡማ ሮጣ ደርሳ ዘንጉን ያዘችው። ሲሀም አልለቅም አለች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ያን ሁሉ ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ዘንጉን እየታገለች በእግሯ የሎሚን ሆድ ረገጠች። ፈጡማ ዘንጉን መንጭቃ ወረወረችና በቀኝ እጇ፣ በሙሉ መዳፏ፣ ሲሀምን በጥፊ አጮለቻት።

 ከግድግዳው ሥር አንዷ ልጅ በእንግሊዝኛ፣ «እንደዚህ ማድረግ አይፈቀድላትም እኮ» አለች። ልክ ነበረች።

ፈጡማ የስካውት ጓዱ መሪ ሆና ብቻዋን የቆመችበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ይህ ነው። በስደት በሚኖሩበት ፍሌሚንግተን ሰፈር ውስጥ ከመንግሥት ፎቆች ሥር ያለው የሴት ልጆች ጓድ መሪ አጥቶ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ቆይቷል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ስታጥፍ የምትውል፣ የራሷ ልጅ የሌላት የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ተነስታ ቅዳሜዬን በነፃ ለሰው ልጆች ልስጥ ስትል የሳቁባት አልጠፉም። እሷ ግን ሦስት ወር ሙሉ ሠለጠነች። ቋጠሮ ተማረች፣ ቁስል ማሰር ተማረች፣ ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚጠየቀውን ካርድ አወጣች። ያሠለጠነቻት ጆይስ የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ጆይስ ሁለት ነገር ደጋግማ ነግራታለች፤ ልጅ ላይ እጅሽን አታንሺ፣ ልጅ ላይ የተነሳ እጅ ካየሽ ደግሞ በዚያው ዕለት ጽፈሽ ስጪኝ። ፈጡማ በሆዷ፣ ይሄ ደግሞ ምን ይከብዳል ብላ ነበር።

ሲሀም አላለቀሰችም። ፈጡማን ያስደነገጣትም ይኸው ነው። ልጅቷ ጥፊውን ከቀመሰች በኋላ ዓይኗን ጨፍና፣ አገጯን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። የሚቀጥለውን እየጠበቀች ነበር። በግብግቡ ሂጃቧ ተንሸራትቶ ማጅራቷ ተገልጧል። ከዚያ ተነስቶ ሸሚዟ ውስጥ የሚገባ፣ የጣት ውፍረት ያለው ሰንበር ይታያል። ከአጠገቡ ቢጫ የሆነ የቆየ ሰንበር ነበር።

ፈጡማ የሎሚን ቁስል በእርጥብ ፎጣ ተጭና ደሙን አቆመች። ለሎሚ አባት፣ ለሲሀም እናትና ለጆይስ ደወለች። ሌሎቹን ልጆች ገመድ እንዲጠቀልሉ አስቀምጣ ሲሀምን ወደ ኩሽናው በር ወሰደቻት።

«ለምንድን ነው የመታሻት?»

ሲሀም ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ሲሀም፣ አናግሪኝ።»

«ጆሮዬ ይጮኻል» አለች ልጅቷ ግራ ጉንጯን ይዛ።

ፈጡማ እጇን ወደ ራሷ ግራ ጆሮ ወሰደች። ያንን ጩኸት ታውቀዋለች። ኮምቦልቻ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ያሳደጋት አጎቷ በጥፊ ሲላት የግራ ጆሮዋ አንድ ሳምንት ጮኸ። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ፤ ከጩኸቱ ጋር በዚያ ጆሮዋ ሌላውም ድምፅ ሁሉ ቆመ። ጎረቤቱ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ሁሉንም ሲሰማ ነው የኖረው። ጠዋት ሴቶቹ አጎቷን ሲያገኙት፣ ልጅ መቅጣት የሚያውቅ ሰው ነው ብለው፣ «እጅህ ይባረክ» ይሉት ነበር። ዛሬም ከዘንጉ በፊት ሎሚ የተናገረችውን ያልሰማችው ልጆቹ በግራዋ በኩል ስለነበሩ ነው።

ከሲሀም ኋላ ዞረችና በግራ ጆሮዋ በኩል በሹክሹክታ፣ «ሲሀም» አለቻት።

ልጅቷ ዞር አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ፈጡማ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሎሚ ምን አለችሽ?»

ሲሀም በእንግሊዝኛ መለሰች። «በግድግዳው በኩል ሁሉንም እንሰማለን አለች። እናትሽ ስትመታሽ እንደ ድመት ነው የምትጮኺው አለች። በሁሉም ፊት።»

ሁለቱ ልጆች አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ይጋራሉ።

«በምንድን ነው የምትመታሽ?»

«በቻርጀር ገመድ።» ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና ወደ አማርኛ ተመለሰች። «አንቲ፣ ለማንም አትንገሪ። ይወስዱኛል። አንቺም እኮ መታሽኝ።»

 በዚህ መሃል የአዳራሹ በር ተበርግዶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። የሎሚ አባት ኦላና ታክሲውን መንገድ ላይ አቁሞ ነው የመጣው። ልጁን ፊቷ በደም ተለውሶ ሲያያት አዳራሹን አቋርጦ የሲሀምን አንገትጌ ጨበጠና ከመሬት አነሳት። የልጅቷ ጫማ ወለሉን ለቀቀ።

«ጋሼ ኦላና! ይልቀቋት! ልጅ ናት!»

«ዓይኗን ብታጠፋትስ? ዓይኗን ብታጠፋት ማን ይመልስልኛል?»

ፈጡማ መሃል ገባች። በክርኑ ሲገፈትራት ወገቧ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ ሕመሙ እስከ እግሯ ወረደ። ተመልሳ ገባችና ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች።

«አባ፣ በቃ! አባ!» ሎሚ ፎጣውን ጥላ ጮኸች። «እኔ ነኝ የጀመርኩት! እኔ ነኝ የሰደብኳት!»

ኦላና እጁን ለቀቀ። ሲሀም ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው የገዛ እጁን እንግዳ ነገር እንዳየ ሰው አየው። ልጁን አቅፎ ወደ ሐኪም ሊወስዳት ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና፣ «እህቴ፣ ልጆቻችንን አምነን ነው የሰጠንሽ» አለ። ይህ ከስድብ ባሰባት።

የሲሀም እናት ዙልፋ የደረሰችው የጽዳት ሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው። የፈጡማ ጓደኛ ናት። ጓዱ እንዲከፈት ከማንም በላይ የለፋችውና የእናቶችን ፊርማ በየፎቁ እየወጣች የሰበሰበችው እሷ ናት። ወለሉ ላይ ያለውን ደም አየች፣ ልጇን አየች፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። የመጀመሪያው ምት የሲሀምን ጀርባ አገኘው። ሁለተኛውን ፈጡማ አየር ላይ ያዘችው።

«ልቀቂኝ! እኔን ልታዋርድ ነው የተፈጠረችው!»

«በቃሽ ዙልፋ። እኔም መትቻታለሁ።»

ዙልፋ ክንዷ በፈጡማ እጅ እንደተያዘ ቆመች። «አንቺ መታሻት?»

«አዎ። በጥፊ።»

የዙልፋ ፊት በራ። «እጅሽ ይባረክ! እህቴ ነሽ የምለው ለዚህ ነው። ፈረንጅ ብትሆን ቆማ ታይ ነበር።»

ፈጡማ የዙልፋን ክንድ ለቀቀች። መዳፏ አሁንም ይለበልባታል። አፍራ የማታውቀውን ያህል አፈረች። እነዚያን የኮምቦልቻ ሴቶች ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይቅር አላለቻቸውም፤ ዛሬ ምርቃቱ ለእሷ ሆነ።

«ማጅራቷን አየሁት» አለች።

«ምኑን?»

«ሰንበሩን። የገመዱን።»

ዙልፋ ወደ ልጇ አየች፤ ሲሀም ዓይኗን ሰበረች። «ነገረችሽ?»

«ሳትነግረኝ ነው ያየሁት።»

«አንቺ አልወለድሽ፣ ምን ታውቂያለሽ?» አለች ዙልፋ። «አባታቸው ሜልተን ሄዶ ሌላ ጎጆ ወጥቷል። ሦስት ልጅ ብቻዬን፤ ማታ ፋብሪካ፣ ቀን ጽዳት። ስገባ ቤቱ ተገልብጦ፣ ትንሹ ሳይበላ፣ እሷ ስልክ ላይ! ቁጣው ሲመጣ እኔ ራሴ የት እንዳለሁ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ዛሬ እኔም የት እንዳለሁ አላወቅኩም።»

ዙልፋ ጠጋ ብላ እጇን ያዘቻት። «ለዚያች ሴትዮ ለጆይስ ከነገርሻት ከመንግሥት ዌልፌር ይመጣል፤ ልጄን ይወስዷታል። ከዛሬ ጀምሮ አልነካትም። ወላሂ አልነካትም። ሎሚ ዘንግ አደናቅፏት ወደቀች በይ። ኦላናን እኔ እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ። አንቺ ካርድሽን አታጪ፣ እኔ ልጄን አላጣ፣ ልጆቹ ቅዳሜያቸውን አያጡ። ማን ይጎዳል?»

የፈጡማ ልብ ወደ ዙልፋ ሐሳብ አዘነበለ። ካርዱን ከተቀማች ሌላ መሪ የለም፤ ይህ አዳራሽ ነገ ተመልሶ ይቆለፋል፤ ገመድ የሚጠቀልሉት እነዚያ ልጆች ተመልሰው አሳንሰር ውስጥ ነው የሚውሉት። ፎቁ ሁሉ ደግሞ የሰው ልጅ አሳልፋ ሰጠች ብሎ ፊቱን ያዞርባታል። አብራት የምታፈጥር፣ ስትታመም ሾርባ ይዛ የምትመጣላት ከዙልፋ በቀር ማን አላት? ሁሉም ነገር ወድቃ ነው በሚል አንድ ቃል ይዳፈናል።

ጆይስ የመኪናዋን ቁልፍ እያንቀጫቀጨች ገባች። ወለሉን አየች፣ የዙልፋን ባዶ እግር አየች፣ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የጉዳት ቅጹን ጥራዝ አወጣች።

«ልጅቷ ሐኪም ዘንድ ሄዳለች?»

«ከአባቷ ጋር ሄዳለች።»

«ጥሩ። በዚህ ላይ የሆነውን ጻፊልኝ።» አንድ ወረቀት ገነጠለች።

 ሲሀም በሩ አጠገብ ቆማ ግራ ጆሮዋን በመዳፏ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ሦስት ስጪኝ» አለች ፈጡማ።

«ሦስት? ስንት ልጅ ነው የተጎዳው?»

«ሁለት።»

«ፈጡማ፣ በአላህ!» አለች ዙልፋ በአማርኛ።

ፈጡማ የተጋጨ ወገቧን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አንዱን ወረቀት ለሎሚ ቁስል ብላ ወደ ጎን አደረገችው። ሁለተኛውን ለሲሀም ሰንበር ብላ ከሥሩ አስቀመጠችው። ካርዷን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና የቀረውን፣ የጥፊውን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበች። ጉዳቱን ያደረሰው ሰው በሚለው መስመር ላይ የራሷን ስም ከነአባቷ ጻፈች።

«ሲሀም፣ ነይ» አለች። «የትኛው ጆሮሽ ነው የሚጮኸው?»

ልጅቷ እናቷን አየች። ዙልፋ ጫማዋን እንደያዘች ወለሉን ታያለች። ሲሀም መጥታ ከፈጡማ ቀኝ ቆመችና፣ «ግራው» አለች።

ፈጡማ ጻፈች።