ድንገተኛ ሞት በድምፅ ማጉያ አይነገርም

አጽብሐ ገብረአምላክ የሚኖረው በጎልፍ ነበር። ይህን ለፒያሳ ሰው ማስረዳት ግን ከጨዋታው ይብስ ነበር። ኬክ ቤት ገብቶ ባንኮኒውን ተደግፎ ማኪያቶውን ሲቀምስ፣ የማያውቀው ሰው ሥራውን የጠየቀው እንደሆነ መልሱን ከአፉ የሚነጥቁት ወዳጆቹ ናቸው።

«ፈረንጅ ኳስ ሲጠፋበት ይፈልግለታል» ይላል አንዱ።

«ምን ኳስ ብቻ፣ ጉድጓዱንም ነው የሚፈልግለት» ይላል ሌላው።

አጽብሐ አብሯቸው ይስቃል። አራዳ ተወልዶ በቀልድ የሚቀየም ሰው ሌላ ሰፈር ቢፈልግ ይሻለዋል። እሱና ጎረቤቱ ሲራጅ ደጃች ውቤ ሰፈር አብረው ያደጉ ናቸው። ልጅ ሆነው ከከተማው ወዲያ ማዶ ወዳለው የጎልፍ ሜዳ በእግራቸው እየሄዱ የዲፕሎማት ቦርሳ ይሸከሙ ነበር። ቦርሳ ሲሸከሙ ዓይናቸው አልተኛም። ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ ሁለቱም «ፕሮፌሽናል» የሚባል ማዕረግ አገኙ። ትርጉሙ ሌላው ሰው ለመዝናናት የሚመታውን ኳስ እነሱ ለእንጀራ ይመታሉ ማለት ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ጎልፍ የአድኃሪያን ጨዋታ ተብሎ ሜዳው ድንች ሊተከልበት ትንሽ ቀርቶት ነበር። ያዳነው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ነው። የወንድም አገሮች ዲፕሎማቶች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ድንች መትከል ደስ የማይል ነገር ሆኖ ተገኘ። ጎልፍም በዚያው ተራማጅ ሆኖ ቀረ።

የአጽብሐ ባለቤት አዳነች አትክልት ተራ ሽንኩርት በጅምላ ትነግዳለች። ምላሷም እንደ ሸቀጧ ዓይን ያስለቅሳል። ሲጫወት አይታው አታውቅም። «ትልቅ ሰው በዱላ እንቁላል የምታህል ነገር ሲያባርር ለማየት ሥራ መፍታት አለብኝ?» ነበር መልሷ። አጽብሐም መለመኑን ከተወ ቆይቷል። ተወው እንጂ አልረሳውም።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ባለፈ በዓመቱ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ለአፍሪካ ወንድማማችነት ተብሎ የፕሮፌሽናሎች ውድድር ተዘጋጀ። ከናይሮቢና ከሉሳካ ተጫዋቾች መጡ። አንደኛ ለሚወጣው ዋንጫና ማቀዝቀዣ፣ ሁለተኛ ለሚወጣው ሬዲዮ እንደሚሰጥ ተነገረ። የውድድሩ የበላይ ኃላፊ ጓድ አባይነህ የሚባል፣ የቀበሌዎቹ የበላይ የሆነው የከፍተኛው የስፖርትና የባህል ተጠሪ ነበር። ጎልፍ ምን እንደሆነ ያወቀው በዚያው ሳምንት ነው፤ ሆኖም በንግግሩ ውስጥ የጎልፍን የመደብ ባህርይ ለማብራራት አልተቸገረም።

በመጨረሻው ቀን የአራዳ ቀበሌዎች ሕዝቡን በአውቶቡስ ጭነው አመጡት። ያልመጣ ስኳርና ዘይት ሲከፋፈል ስሙ እንደማይጠራ ስለተነገረ ሁሉም መጣ። ችግሩ መቼ እንደሚጨበጨብ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ጎልፍ ዝምታ የሚፈልግ ጨዋታ ነው፤ ለሰልፍ የወጣ ሕዝብ ደግሞ ዝም እንዲል ተነግሮት አያውቅም። እስከ እኩለ ቀን ሲመራ የነበረው የናይሮቢ ሰው አንዲት ቀላል ኳስ ሊያስገባ ጎንበስ ባለበት ቅጽበት ከኋላው «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» የሚል መፈክር ሲፈነዳ ዱላው ከእጁ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ልቡ ወደ ቦታው አልተመለሰም። የአገሬው ልጆች አጽብሐና ሲራጅ ግን በመፈክር ተኝተው በመፈክር የሚነሡ ስለሆኑ ምንም አልመሰላቸውም። ቀኑ ሲያበቃ ሁለቱ እኩል ሆነው ከሁሉም በላይ ተቀመጡ።

የክለቡ ዋና ዳኛ ጋሼ ተክላይ መነጽራቸውን እየወለወሉ ወደ ጓድ አባይነህ ቀረቡ።

«እኩል ስለወጡ መለያ ይጫወታሉ። ጉድጓድ በጉድጓድ፣ አንዱ የበለጠበት ቦታ ላይ ያበቃል።»

«ስሙ ማን ይባላል? ለሕዝቡ ላስታውቅ» አለ ጓድ አባይነህ ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ።

«በእንግሊዝኛ ሰደን ዴዝ ነው የሚባል።»

«በአማርኛስ?»

ጋሼ ተክላይ ግራና ቀኝ አዩ። «ድንገተኛ ሞት» አሉ ቀስ ብለው።

በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ጓድ አባይነህ ድምፅ ማጉያውን አወረደ።

«ጓድ ተክላይ፣ ከአራዳ በአውቶቡስ ጭኜ ላመጣሁት ሕዝብ አሁን ድንገተኛ ሞት ይጀመራል ብዬ ልንገር? ስንት ሰው እዚህ ሜዳ ላይ ይቀራል ብለው ያስባሉ?»

«እኔ ደንቡን ነው የነገርኩዎት።»

«ደንቡ ይቆየን።» ማጉያውን መልሶ አነሣ። «አሁን የሚቀጥለው አብዮታዊ መለያ ነው» አለ፤ ሕዝቡም እፎይ ብሎ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ጓድ አባይነህን አሞቀው። የሞቀው ሰው ደግሞ ይጨምራል። በዚያው አፉ ሌላም ነገር አስታወቀ። ማቀዝቀዣው ለጊዜው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አገልግሎት እንዲውል ተወስኗል፤ አሸናፊው ግን ከማቀዝቀዣ የበለጠ ክብር ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ዋንጫውን እንደተቀበለ ወደ አሶሳ ሰፈራ ጣቢያ ተልኮ ጎልፍን ለሰፊው ሕዝብ ያስፋፋል። ሁለተኛ የወጣው እንደተባለው ሬዲዮውን ይወስዳል።

ሕዝቡ አጨበጨበ። አጽብሐና ሲራጅ ተያዩ።

አጽብሐ አሶሳን በካርታ እንኳ አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ወባዋን በስም ነው። መጀመሪያ እንዲመታ ዕጣ ደረሰው። ተዘጋጀ፣ ተነፈሰ፣ ኳሷን ሆን ብሎ በስተግራ ወዳለው ባሕር ዛፍ ላካት። ኳሷ ግንዱን መታች፣ ሌላውን ግንድ መታች፣ ተመልሳ ሜዳው መሀል እንደ ሙሽራ ቁጭ አለች።

«ወይ ጉድ፣ በዛፍ አዙሮ አመጣት እኮ» አለ አንድ ሰውዬ በአድናቆት።

ሲራጅ የአጽብሐን ክንድ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ያ ክንድ በስህተት ዛፍ እንደማይመታ ገባው። እሱም በተራው ኳሱን አሸዋ ውስጥ ቀበራት። ከአሸዋው ሲያወጣት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር ማለት ይቻላል፤ ኳሷ ግን ተንከባልላ ባንዲራው ሥር አረፈች። እኩል ወጡ። ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ጎን ለጎን ሲሄዱ ሲራጅ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ተናገረ።

«እያየሁህ ነው።»

«እኔም እያየሁህ ነው።»

«አሶሳ ለአንተ ይስማማሃል። ቆላ አገር ነው።»

«አባቴ የመጡት ከአዲግራት ነው። ብርድ ነው የለመድነው።»

«እኔ ልጆች አሉኝ።»

«እኔ አዳነች አለችኝ።»

ሲራጅ ትንሽ አሰበበት። «ታዲያ ብትሄድ አታርፍም?»

አጽብሐ ሊስቅ ሲል ከኋላ የጓድ አባይነህን ድምፅ ሰማ። ጥቁር መነጽር ያደረገ አንድ ሰው በጓዱ ጆሮ ሥር ሆኖ የሆነ ነገር ነግሮት ነበር።

«ጓድ ተክላይ፣ እነዚህ ሰዎች ቅድም እንዲህ አልነበሩም። ድካም ነው ወይስ አሻጥር?»

«ድካም ነው» አሉ ጋሼ ተክላይ ፈጥነው። «ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ነው የዋሉ።»

አሻጥር የምትባለዋ ቃል የሁለቱንም ላብ አደረቀች። በዚያ ዘመን ጨው የደበቀ ነጋዴ በአሻጥር ሲወሰድ ሁለቱም አይተዋል። ጎልፍ የደበቀ ሰው የት እንደሚወሰድ ለማወቅ ግን ፍላጎት አልነበራቸውም። እናም ሁለተኛውን ጉድጓድ እንደ ሃይማኖተኛ ሰው ቀጥ ብለው ተጫወቱ። አሁንም እኩል።

ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ሲራጅ ሙያውን ሁሉ አወጣ። ከሩቅ የመታት ኳስ ወደ ጉድጓዱ ስትገሰግስ ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ፤ የጉድጓዱ ከንፈር ላይ ደርሳ፣ ያመነታች መስላ፣ ዞር ብላ ጎኑ ላይ ቆመች። ሲራጅ ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ አለ። ኀዘኑ ከልብ ይመስል ነበር። በሕይወቱ እንዲህ አምራ የተሳተች ኳስ አጽብሐ አይቶ አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ቀናበት።

አሁን ተራው የእሱ ነው። ኳሷ ከጉድጓዱ አጠገብ ናት፤ ዳዴ የሚል ሕፃን በመዳፉ የሚያስገባት ዓይነት። አጽብሐ አሰበበት። በስተቀኝ ትንሽ መሬቱ ያዘነብላል። እዚያ ላይ ቢለቃት እሷም እንደ ሲራጅ ኳስ ከንፈሩን ስማ ታልፋለች፤ ጨዋታው ይቀጥላል፤ የጥቁር መነጽሩም ሰውዬ ምንም ሊል አይችልም። አጭሩን ዱላ ይዞ ጎንበስ አለ።

ከኋላው እንደተለመደው ጫጫታ ተነሣ። አንዱ መፈክር ሊጀምር ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማል። አጽብሐ ቀና ብሎ ዞረ።

አዳነች ከገመዱ ወዲያ፣ ከአትክልት ተራ ሴቶች መሀል ቆማለች። የገበያ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም፤ ቀበሌው ከሽንኩርቷ ላይ አንሥቶ ነው የጫናት። እጇን ከፍ አድርጋ መፈክር ሊጀምር የነበረውን ሰውዬ አፍጥጣ እያየችው ነበር።

«ዝም በሉ እንጂ። ሊመታ ነው» አለች።

አትክልት ተራ ድፍን ገበያ የምታስደነግጥበት ድምፅ ነው። ሰውዬው የጠረገውን ጉሮሮ መልሶ ዋጠው። ሴቶቹ ዝም አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ዝም አሉ፤ ዝምታው እስከ አውቶቡሶቹ ድረስ ደረሰ። ጓድ አባይነህ ራሱ ማጉያውን ደረቱ ላይ ይዞ ፀጥ አለ። ቀኑን ሙሉ ሜዳው እንዲህ ሆኖ አያውቅም። አዳነች እጇን ሳታወርድ ባሏን አየችው። አስተያየቷ ስታሾፍበት የምታየው ዓይነት አይደለም። አንድ ከባድ ነገር የተሸከመ ሰው ደረጃ ሲወርድ የሚታይበት ዓይነት ነው።

አጽብሐ ወደ ኳሷ ተመለሰ። ያዘነበለውን ቦታ ፈለገው፣ አገኘውም። እጁ ግን አልሄደለትም። አገባት።

ከጉድጓዱ ውስጥ የወጣችው «ኳ» የምትል ድምፅ እስከ ኋላ ድረስ ተሰማች። ቀጥሎ የሆነው ጭብጨባ ነው፤ ጓድ አባይነህ ጉንጩን ሳመው፤ ዋንጫው ተሰጠው፤ ሲራጅ ሬዲዮውን አቅፎ ቆመ። ደስታውን ለመደበቅ ብዙ ሲታገል የሬዲዮው ቁልፍ ተነክቶ በጓድ አባይነህ ንግግር መሀል ሙዚቃ ለቀቀ።

በአውቶቡስ ወደ ፒያሳ ሲመለሱ አጽብሐና አዳነች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሲራጅ ከኋላቸው ሆነ። ምኒልክ አደባባይ እስኪቃረቡ ታግሦ በመጨረሻ አላስችለው አለ። ወደ አጽብሐ ጆሮ ተጠጋ።

«ግን ለምን አገባሃት?»

አዳነች ዞረች። «ምን ጎደለኝና ነው የማያገባኝ?»

«ኳሷን ነው አዳነች፣ ኳሷን ነው የምለው።»

«ሁለቱንም ሳላስብ ነው ያገባሁት» አለ አጽብሐ።

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም መሳቅ አልፈለገችም እንጂ ሳቀች። ከዚያ አሶሳ የሚባለው የት እንደሆነ፣ ሽንኩርት እዚያ ይበቅል እንደሆነ ጠየቀችው። አላውቅም አላት። ከገመዱ ወዲያ ሆና ያየችውን ግን አንሥታ አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቃትም። ፒያሳ ሲወርዱ ዋንጫውን ከእጁ ተቀብላ ራሷ ይዛው ሄደች፤ ወርቅ ቤቶቹ በር ላይ ላገኘችው ሰው ሁሉ እንዲታይ አድርጋ።

አጽብሐ ወዲያው ተላከ። አሶሳ ላይ ከወሎና ከትግራይ ተጭነው የመጡት ሰዎች ጎልፍ ምን ያደርግልናል አላሉም፤ ማን ይጠይቃቸዋልና። የሚያስፈልጋቸው በሬና የወባ መድኃኒት ነበር። አጽብሐ በመጀመሪያው ቀን ኳስ መትቶ አሳያቸው፣ እነሱም በትሕትና አዩለት፣ ከዚያ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ዱላዎቹ ኋላ በቆሎ ጥበቃ ላይ ጥሩ አገልግሎት ሰጡ፤ ዝንጀሮ ረጅሙን ዱላ ይፈራል። ወደ ላይ የሚላከው ሪፖርት ግን ጎልፍ በሰፊው እየተስፋፋ መሆኑን ይገልጽ ነበር። አጽብሐ ወባ ያዘው፣ ለቀቀው፣ መልሶ ያዘው። ከሰፋሪዎቹ ጋር ትግርኛውን ያወራል፤ ማታ ማታ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ሲራጅን በልቡ ይረግመዋል።

ለመስቀል አዳነች በጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ መጣች። ሽንኩርት በጆንያ፣ ኪኒን በፌስታል ይዛለች። መክሳቱን አይታ መጀመሪያ ተሳደበች፤ ማንን እንደሆነ ግን ስም አልጠራችም፤ ለጓዶች የሚሰማ ጆሮ ብዙ ነው። በማግሥቱ ከዝንጀሮ የተረፈውን ዱላ አንሥታ፣

«እንዴት ነው የሚያዘው?» አለችው።

አሳያት። እጇን አስተካከለላት፣ ትከሻዋን ዝቅ አደረገላት። ዓይንሽን ከኳሷ አታንሺ አላት። መታቻት። ኳሷ ከፍ ብላ፣ ከጣቢያው የቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አልፋ፣ በቆሎው መሀል ገባች።

አጽብሐ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰፋሪዎቹ ሥራቸውን አቁመው አጨበጨቡ፤ ማንም አላዘዛቸውም። አዳነች ዱላውን መለሰችለትና በቆሎው ውስጥ ገብታ ኳሷን ትፈልግ ጀመር። እሱም ተከትሏት ገባ፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም ተጨመሩ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ፈልገው አጧት።