በአፉ የተደፋ ብርጭቆ

«አንቺ አብረሽው ነበርሽ አሉ። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ እንዴት ሆነ?»

ጋሽ ወልደሩፋኤል ከአፍደም ሲጓዙ ውለው መድረሳቸው ነው። አልቅሰው፣ ተቀምጠው፣ የሻይ ብርጭቆ ከያዙ በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው ይኸው ነበር። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሟቹ የእህታቸው ልጅ ነው፤ ደግሞም ለቅሶ ቤት የገባ ሁሉ የሚጠይቀውን ነው የጠየቁት።

እፀገነት የታሰረ ክንዷን ደረቷ ላይ አስጠግታ እንደገና ጀመረች። ከሸደር የስደተኞች መጠለያ ወደ ጅጅጋ ሲመለሱ ዝናብ ነበር። ሚኒባሱ ተንሸራቶ ተገለበጠ። መርሻ የተቀመጠው በሩ አጠገብ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዲት ጎረቤት ደግሞ «ወዲያው ነው ወይስ የተናገረው ነገር አለ?» ስትል አንሾካሾከች።

የተናገረው ነገርማ ነበር። እፀገነት እጁን ይዛው ሳለ «እማዬ» ብሎ ተጣርቷል። ይህን ለማንም አልነገረችም። ሊሰሙት የሚገባቸው እናቱ እትዬ አገሬ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከሰው ሁሉ ተለይተው እስካሁን ምንም አልጠየቋትም። ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ያይዋታል። እፀገነት ያን ጥያቄ ከምንም በላይ ፈርታዋለች፤ ሳትጠየቅ ብትቀርም ደግሞ የምትችለው አልመሰላትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የሚሄዱት። የሕግ ተማሪዎች ነበሩ፤ ማንም አላስገደዳቸውም። ከሶማሊያ ሸሽተው ለመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች መብታቸውን ያስተምራሉ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ያልገባህን አልገባኝም በል፣ የማታውቀውን አላውቅም በል፣ አስተርጓሚው ከተሳሳተ አስቁም፣ ማመልከቻህ ውድቅ ቢሆን ይግባኝ አለ። ከዚያ ልምምድ ይቀጥላል። መርሻ የሟች አባቱን ኮት ለብሶ፣ በዚያ ሙቀት ከረባት አስሮ ጠያቂውን ሹም ይሆናል። ኮቱ ስለሚሰፋው ጠረጴዛ በመታ ቁጥር እጅጌው እጁን ይውጠዋል። ቆርቆሮ ክዳኑ አዳራሽ በሳቅ ይሞላል፤ እሱ ግን ፍንክች አይልም።

«እዚህ ሳቁ» ይላል። «እዚያ ያለው ሰውዬ አያስቅም።»

አንድ ቅዳሜ ግን የሚስቅ ጠፋ። ያኔ ሁሉም የሚለማመደው በገዛ ታሪኩ ነበርና፣ ሳብሪን የምትባል ወጣት እናት ባሏ እንዴት እንደተገደለ ስትናገር ቀኑ ተምታታባት።

«እንደገና፣ ከመጀመሪያው» አላት መርሻ።

ጀመረች፤ አሁንም ተምታታባት።

«ከመጀመሪያው።»

ለእሷው ብሎ ነበር፤ ዋናው ቃለ መጠይቅ ላይ እንዳትወድቅ። ሳብሪን ተነስታ ወጣች። በሚቀጥለው ቅዳሜም አልመጣችም።

በሌላው ቅዳሜ መርሻ ከእናቱ ሱቅ የሻይ ብርጭቆዎች በካርቶን ተሸክሞ መጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ ማንም በራሱ ቁስል አይለማመድም» አለ። «የጠፋችብን አንዲት ፍየል አለች እንበል። የምንጠያየቀው ስለሷ ነው። የራሱን መናገር የፈለገ ለብቻው፣ በፈለገ ጊዜ ይነግረናል። መሀል ላይ ያቃተው ሰው ደግሞ ብርጭቆውን በአፉ ይድፋው። የተደፋ ብርጭቆ ላይ ሻይ አይቀዳም፤ ጥያቄም አይጠየቅም።»

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» አለችው እፀገነት ሲመለሱ።

«ከቤት» አለና በመስኮት ማየቱን ቀጠለ።

ፍየሏ መጠለያው ውስጥ ዝነኛ ሆነች። ሽማግሌው ሂርሲ «የእኔ ፍየል አትጠፋም» ብለው አሻፈረኝ አሉ፤ ተለምነው እሺ ሲሉም ፍየሏን የበላው ጅብ ሳይሆን ጎረቤታቸው መሆኑን በነገር አስረድተው አዳራሹን በሳቅ አፈረሱት። ያን ጊዜ መርሻም አልቻለም፤ ፊቱን በሰፊው እጅጌ ሸፍኖ ሳቀ። ሳብሪንም ወሬውን ሰምታ ተመለሰች። ከኋላ ትቀመጥና ብርጭቆዋን ትደፋለች፤ ማንም አይጠይቃትም። ብዙ ቅዳሜ እንዲህ ቆይታ፣ አንድ ቀን ብርጭቆዋን ሳትደፋው ቀረች።

እፀገነት እነዚያን ቅዳሜዎች ትናፍቃለች። አቧራውን፣ የሂርሲን ክርክር፣ የዚያን ኮት ነገር። ስትወደው እንደነበር አንድ ቀን እነግረዋለሁ እያለች ስታስተላልፍ የቆየችው ጊዜው የሚበቃት መስሏት ነው።

ድንኳኑ ሊነሳ ሲል ሳብሪን ደረሰች። ከሸደር ሌሎች ሴቶች አስከትላለች። እትዬ አገሬ እግር ስር ተንበርክካ «ሆዮ» አለቻቸው፤ እናቴ ማለቷ ነው። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ። ቃለ መጠይቁ ላይ ተናገርኩ፤ እነሱም ተቀበሉኝ። ልጅሽ ነው ያስተማረኝ።»

እትዬ አገሬ ጭንቅላቷን ደባበሷት። ሻይ ለሁሉም ተቀዳ፤ ከእትዬ አገሬ በቀር ሁሉም ጠጡ። ከዚያ እናትየው ወደ እፀገነት ዞሩ።

«አሁን ንገሪኝ፣ ልጄ። መጨረሻው ላይ እንዴት ነበር?»

«ዝናብ ነበር» ብላ ጀመረች እፀገነት። «ከመኪናው ሲያወጡት አጠገቡ ነበርኩ። እጁን ያዝኩት። ከዚያ…»

እጇ ሳታዘው ባዶ ብርጭቆዋን አንስቶ ትሪው ላይ በአፉ ደፋው። ሳብሪንና አብረዋት የመጡት ሴቶች አዩና ሁሉም ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

«ከዚያስ?» አሉ ጋሽ ወልደሩፋኤል።

«ተዋት፣ ወንድሜ» አሉ እትዬ አገሬ። ዓይናቸው ከብርጭቆው አልተነቀለም። «ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«መርሻ። መናገር ያቃተው ሰው እንዲህ ያድርግ ብሎን ነበር።»

«አባቱ የሞተ ጊዜ ለመጣ ሰው ሁሉ ስናገር፣ ስናገር ሰነበትኩ» አሉ እትዬ አገሬ። «አንድ ቀን እሱ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ አባዬ እንዴት ሞተ አለኝ። ትንሽ ልጅ ነው። ለሰው ሁሉ የተናገርኩትን ለእሱ አቃተኝ። ብርጭቆዬን ደፋሁት። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። የረሳው መስሎኝ ነበር።»

«እነግርዎታለሁ» አለች እፀገነት እያለቀሰች። «ሊሰሙት የሚገባ ነገር አለ።»

«አውቃለሁ። ስትችዪ ትነግሪኛለሽ፤ የትም አልሄድም።»

እትዬ አገሬ ሳይነኩት የቀዘቀዘውን ሻይ አንስተው እስከ ጭላጩ ጠጡት። ከዚያ ብርጭቆውን ከእፀገነት ብርጭቆ ጎን አስጠግተው በአፉ ደፉት።