ባለስምንትና ባለአራት ኮር

አማቴ ከእኛ ጋር ሊኖሩ ሲመጡ፣ አልጋቸውን የዘረጋነው እኔና ባሌ በምንሠራበት ክፍል ነው። ከሁለቱ ኮምፒውተሮች አንዱ ወደ ወጥ ቤት መሰደድ ነበረበት። የኔው አዲስ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ስምንት ኮር ያለው፣ ሥራውን ለስምንት ተካፍሎ ድምፁን ሳያሰማ የሚጨርስ። የባሌ አሮጌና ባለአራት ኮር ነው። ኮምፒውተር ጠጋኝ ስለሆነ ኦቨርክሎክ አድርጎታል፤ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ያስሮጠዋል። የማቀዝቀዣ ማራገቢያው ጩኸት ራሴን ሊፈልጠው ምንም አይቀረው። እኔ ቪዲዮ አቀናብራለሁ፤ በድስትና በእንፋሎት መሀል እንዴት ብዬ?

«ውጤቱ ይፍረደን» ተባባልን። አንድ ዓይነት የፍጥነት መፈተኛ ሁለቱም ላይ ይከፈታል፤ ያነሰ ነጥብ ያመጣ ይወጣል።

አማቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞር ብሏል። ሐኪም ያዘዘውም አልረዳቸው። ዓይናቸው ደም መስሎ «ደኅና ነኝ ልጄ» ሲሉኝ አንጀቴን ይበሉታል።

በአንድ ኮር ብቻ ስንፈትን ባሌ አሸነፈ። ጮቤ ረገጠ!

«ቆይ እስቲ፣ ሁሉም ኮር ይሰለፍ» አልኩት።

የኔው ትንፍሽ ሳይል ጨረሰ። ባሌ እልህ ያዘውና የሱን ፍጥነት ሌላ እርከን ጨመረለት። ማራገቢያው አፏጨ፣ አጉረመረመ። ሙቀቱ ሲበዛበት ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔ ማራገቢያው ለአፍታ ጸጥ ይልና እንደገና እያጓራ ይነሳል። ነጥቡ ሲወጣ የኔን ግማሽ አልሞላም።

«በል ተሸከም!» ልለው ዞር ስል፣ አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ፈተናው ስላለቀ ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። አማቴ ባነኑ።

«ምነው ዝም አለ?» አሉ። «አባትህ እኮ ልክ እንዲህ ነበር የሚያንኮራፋው። ትንሽ ያቆማል፤ ሞተ ብዬ ስደነግጥ መልሶ ይቀጥላል። ስንቴ በክርኔ ጎሽሜዋለሁ መሰለህ።»

ባሌ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ባለአራት ኮሩ ላይ ፈተናውን እንደ አዲስ ከፈትኩ።

«እማማ፣ ጋደም ይበሉ።»

የራሴን ኮምፒውተር አቅፌ ስወጣ ባሌ ተከተለኝ።

«ያሸነፍሽው እኮ አንቺ ነሽ» አለኝ።

«አትነዝንዘኝ፤ ይልቅ ጠረጴዛውን ጥረግልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ፈተናውን እየከፈትንላቸው አማቴ ይኸው ይተኛሉ። በቀደም ማራገቢያው አርጅቶ ሊቆም ሲል፣ እኔና ባሌ ሌላ ልንገዛ ሄድን። ሻጩ እያንዳንዱን እያስነሳ ሲያሳየን ጆሯችንን ደግነን አዳመጥን።

«ይቺን ውሰዱ፣ ድምፅ የሚባል የላትም» አለን።

«አይ ወንድሜ» አልኩት፣ «እኛ የምንፈልገው የሚያንኮራፋ ነው።»