ቅመሺልኝ

ፊዮሪ የመጨረሻዋን ድብልብል ጣፋጭ ካካዎ ላይ አንከባልላ ትሪው ላይ ስታኖር ዓይኗ ጠርሙሱ ላይ አረፈ። የኮኛኩ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ክዳኑ ወልቆ ከነጩ ሳህን አጠገብ ተቀምጧል። ጣቷን ሰዳ ነካችው፤ እርጥብ ነው።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት?» አለች ጮክ ብላ።

የሚመልስላት ሰው አልነበረም። ጣፋጩ ከረጋ በኋላ መብራት ሄዷል፤ ማቀዝቀዣው ዝም ብሏል። ከውጭ ወደ ወልድያ የሚያልፉ የጭነት መኪናዎች ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሮዛ ግን እዚያው ነበረች። እህቷ ሮዛ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ ቢሆንም ፊዮሪ እጇን ሳህን ውስጥ ባስገባች ቁጥር ከቀኝ ትከሻዋ ኋላ መጥታ ትቆማለች። አትታይም። ትንፋሿ ግን ይሰማል፣ አንዳንዴም ድምጿ።

ነገሩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በአንድ ቀን ሁለት ትእዛዝ ምን አስቀበላት? አንዱ ወልድያ ለሚገኝ ካፌ ነበር፤ ያኛው ኮኛክ ይገባበታል። እሱን ማለዳ ሠርታ በሚኒባስ ልካዋለች። ሁለተኛው የጎረቤቷ የለይላ ልጅ የዓቢዳ ኒካህ ላይ የሚቀርብ ነው፤ በዚህኛው ግን ኮኛክ በአጠገቡም አያልፍም።

ጣፋጩን ከመርሳ ከተማ ሰው ጋር ያስተዋወቀችው ሮዛ ናት። ወልድያ ኬክ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ቲራሚሱ የሚባል የጣልያን ጣፋጭ ተማረች፤ በቡና የራሰ ብስኩት፣ ክሬም፣ ከላዩ ካካዎ። ወደ መርሳ ስትመለስ ኬክ መጋገሪያ አልነበራትም፤ ቁጭ ብሎ በሹካ ኬክ የሚበላ ደንበኛም አልነበራትም። ስለዚህ ብስኩቱን ወቀጠችው፣ በወፍራም ቡና አራሰችው፣ በሻሽ ከተጠለለ እርጎና ከቀለጠ ቸኮላት ጋር ለወሰችውና በጉርሻ ልክ አድቦለቦለችው። ተለውሶ ካበቃ እሳት አያስፈልገው፤ ቅዝቃዜ ይበቃዋል። ጣልያኖቹ ቢያዩት ምን እንደሚሉ እንጃ። የመርሳ ሰው ግን ድብልብል ብሎ ስም አወጣለትና ወደደው። በመጨረሻ አንድ ክዳን ኮኛክ ይጨመርበታል።

ለሙስሊም ቤት ሲሆን ሮዛ ሕግ ነበራት። ወሎ ውስጥ ድግስ ያለበት ክርስቲያን ለሙስሊም እንግዶቹ በጉን በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ ድስቱንም ለብቻ ይጥዳል። ሮዛ ይህን ልማድ ወደ ጣፋጭ አመጣችው። መጀመሪያ ጠርሙሱ ቁም ሳጥን ይገባል፤ ከዚያ ጠረጴዛው ይታጠባል፣ እጅ ይታጠባል፣ ከሁሉ በኋላ «የለይላ ሳህን» የሚባለው ነጩ ጎድጓዳ ሳህን ከመደርደሪያ ይወርዳል።

ዛሬ ፊዮሪ ጠረጴዛውንም አጥባለች፣ ሳህኑንም አውርዳለች። ጠርሙሱን ነው የረሳችው። ብስኩቱን ለውሳ ልትጨርስ ስትል ያ ድምፅ መጣ።

«ቅመሺልኝ።»

ሮዛ ስኳር ነበረባት። ለሀገር ሁሉ ጣፋጭ እየሠራች እሷ አትቀምስም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከማንኪያው ጫፍ ትንሽ ይዛ ወደ ፊዮሪ ትዞራለች። «ቅመሺልኝ፣ ምን ጎደለው?» ፊዮሪ ትቀምስና ትናገራለች፤ ሮዛ የእህቷን ፊት እያየች ምራቋን ትውጣለች። እንዲህ ሆነው ኖሩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ኢንሱሊን ጠፋ። የቀረችውን ጥቂት ብልቃጥ ለይላ በውሃ በራሰ እንስራ ውስጥ ደብቃ እንዳትበላሽ ጠበቀችላቸው። ብልቃጡ አለቀ፤ ሮዛም አለቀች።

እና ዛሬ ድምፁ ሲመጣ ፊዮሪ ዞር አለች። ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም። ወደ ልቧ ስትመለስ እጇ ሥራውን ቀጥሎ አገኘችው። የለመደ እጅ ጌታውን አይጠይቅም። ክዳኑን ሞልቶ አፍስሶ ይሆን? ወይስ ክዳኑ የራሰው በማለዳው ሥራ ነው?

ትሪውን አንስታ አሸተተች። ቡናና ኮኛክ፤ ግን እጇም፣ ሽርጧም፣ ቤቱም ከማለዳ ጀምሮ ቡናና ኮኛክ ይሸታል። በአፍንጫ የሚሆን አልነበረም። መቅመስ ነው ያለው።

ጾመ ነቢያት ነው፤ እርጎ ያለበትን ነገር እንዴት ትቀምሰዋለች? ይህን ለራሷ ነገረችው፤ ራሷም አላመነቻትም። በፋሲካስ መቼ ቀመሰችው? ሮዛ ከሞተች ወዲህ ድብልብል ሠርታ ትሸጣለች እንጂ ወደ አፏ አንዴም አላደረሰችም። ብትቀምሰው ለማን ልትናገር ነው?

ደግሞ ማን ያውቃል? ቡናው ሁሉን ይሸፍናል። ኒካህ ላይ ቁጭ ብሎ የጣፋጭ ልክ የሚመረምር የለም። ይህን አስባ ትሪውን መልሳ አስቀመጠች። አባቷ ከትግራይ መጥቶ መርሳ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው። በዚያ ክፉ ወቅት ሠፈሩ በጎሪጥ ሲያያቸው በራፋቸው ላይ ቆማ «እነዚህ የእኔ ናቸው፤ የሚነካቸው እኔን ነክቶ ይለፍ» ያለች ለይላ ናት። የዚችን ሴት ልጅ ኒካህ በሐራም ልታበላሽ ነው? ብትናገርስ? ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ትግሬዋ ኮኛክ ልታበላን» ተብሎ ከመርሳ አልፎ ግራና ከተማ ገበያ ላይ ይወራል፤ ማን ከእሷ እጅ ዳግመኛ ይገዛል?

ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ።

«አሰላሙ ዓለይኩም! ፊዮሪዬ፣ ደረሰልን?» ለይላ ሂና የሞቀ እጇን እያርገበገበች ገባች። ከኋላዋ አንዲት ረዘም ያሉ አሮጊት ጎንበስ ብለው በሩን አለፉ። «እትዬ ዘምዘም ናቸው፣ የሙሽራው አክስት። ከግራና ነው የመጡት። ሙሽራውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።»

ፊዮሪ ስለ ዘምዘም ሰምታለች። በጦርነቱ ልጃቸውን ያጡ ናቸው፤ አፋቸው እንደ ጉጠት ይይዛል ይባላል።

«እንደምን አሉ? ይቀመጡ፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ። አልቀመጥም፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አሉ ዘምዘም። ቤቱን አዩ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የማርያም ሥዕል አዩ፣ ፊዮሪን አዩ።

ፊዮሪ ለይላን በእጇ ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻትና በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻት። ለይላ አፏን በእጇ ያዘች።

«ያ አላህ! እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ብሆንማ ጥሩ ነበር። አላውቅም።»

ለይላ ወደ ሳሎኑ ተመለከተችና ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «አብሽሪ። ለእሳቸው አትንገሪ፤ እሳቸው ከሰሙ አገር ሰማ። መብራት ሄዶ ሳይረጋ ቀረ እንላለን። ማን ይጠይቃል?»

ወጣችና ሳቅ ብላ «እትዬ፣ አልሆነልንም፤ መብራቱ ሄዶ ሳይረጋ ቀርቷል» አለች።

ዘምዘም ግን ትሪው አጠገብ ቆመው በጣታቸው አንዷን ድብልብል ተጫኑ። «ምኑ ነው ያልረጋው? ጠጠር ሆኗል እኮ!» አሉና አነሷት። «ቢስሚላህ…»

«አይቅመሱት!»

ፊዮሪ የጮኸችው ሳታስበው ነው። የአሮጊቷ እጅ አፋቸው ደጃፍ ላይ ቀረ። ለይላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምነው?»

«ኮኛክ ገብቶበት ይሆናል» አለች ፊዮሪ። «ለወልድያ ሌላ ስሠራ ነበር፤ ጠርሙሱን ሳላነሳ ቀረሁ። መብራቱ ሰበብ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዘምዘም ድብልብሏን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩና ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ይሆናል ምን ማለት ነው? ገብቷል ወይስ አልገባም?»

«አላውቅም።»

«የሠራሽው አንቺ አይደለሽ? ቅመሺና እወቂዋ!»

«ጾም ነው፣ እትዬ።»

ለይላ መሬት መሬት እያየች «ጾሙ ምክንያት ነው፣ ፊዮሪዬ» አለች ቀስ ብላ። «ሮዛ ከሞተች ጀምሮ ቀምሰሽው አታውቂም። አላየሁሽም መሰለሽ?»

ፊዮሪ ከኋላዋ የሮዛን ትንፋሽ ሰማች፤ የቀኝ ትከሻዋ በረዳት። ልትዞር ፈለገችና አልዞረችም። እጇን ሰዳ አንዷን ድብልብል አነሳችና አፏ ውስጥ አስገባች።

መጀመሪያ ካካዎው መረራት። ከዚያ ቡናው፣ ከዚያ እርጎው ቀዝቅዞ ምላሷ ላይ ቀለጠ። ያን ሁሉ ዘመን የሸሸችው ጣዕም ሳይለወጥ ተቀምጦ ጠበቃት። ሮዛ ፊቷን እያየች ምራቋን ስትውጥ በግልጽ ታያት፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልትውጠው ስትል ደግሞ አንዲት ቀጭን ሙቀት በጉሮሮዋ ወረደች።

ለይላ ፊቷን እየተመለከተች ነው። የለበትም በይ፣ በአላህ የለበትም በይ የሚል ዓይን ነው። ለይላ ታምናታለች፤ አሮጊቷም እንባዋን አይተው ያምኗታል። ትሪው ተጭኖ ይሄዳል፣ ሠርጉ ያምራል፣ ማንም ምንም አይሆንም። አንዲት ቃል ናት።

«አለበት» አለች ፊዮሪ።

ለይላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ዘምዘም ግን ንቅንቅ አላሉም።

«ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ማንም።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ልጄ ሞቶ ወር ተኩል ሙሉ ደህና ነው አሉኝ። ዘመድ ደህና ነው ይለኛል፣ ጓደኞቹ ደህና ነው ይሉኛል። መርዶው የሚነገርበት ቀን እስኪመቻች ነው አሉ፤ ለእኔ አዝነው። እኔ ለሞተ ልጅ ሹራብ እሠራ ነበር። እስካሁን ሌሊት ሌሊት መጥቶ፣ እማ፣ እጅጌው አጠረኝ ይለኛል።» ወደ ፊዮሪ ቀና አሉ። «ከዚያ ወዲህ ደህና ነው የሚለኝን ሰው ሁሉ እፈራለሁ።»

«የእኔም እህት ትመጣለች» አለች ፊዮሪ።

«ታዲያ ይምጡ እንጂ፤ የት ይሂዱ?»

ከዚያ ዘምዘም ትሪውን ተመለከቱና ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ለክርስቲያን እንዳትሰጪው ጾም፣ ለእኛ እንዳትሰጪን ሐራም። ይሄ ሁሉ በረከት ማን ሊበላው ነው?»

ለይላ ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሊዞር ሲል ተነሥታ ሽርጡን ከፊዮሪ ወገብ ፈታችው። «ሱብሐነላህ! በቃ፣ ዓቢዳ ያለ ድብልብል ትዳር። ልብስሽን ለውጪና እንሂድ።»

«እኔ?»

«አንቺ እንጂ! ሮዛ ከሞተች ጀምሮ ሠርግም ለቅሶም ካርቶን ሙሉ ድብልብል ልከሽ ቤትሽ ትቀሪያለሽ። ዛሬ የምትልኪው የለሽም፤ ራስሽ ነይ።»

ፊዮሪ ባዶ ቤቱን አየች። እዚህ ብትቀር ማን ከእሷ ጋር እንደሚያድር ታውቃለች። እዚያ ብትሄድ ደግሞ የሴቱ ሁሉ ዓይን ይጠብቃታል። ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ደግሞ ሠርግ ቤት ባዶ እጁን አይገባም።

«ባዶ እጄን እንዴት አድርጌ?» አለች። ጥያቄውን ሳትጨርስ ግን ነጠላዋን ከበሩ ኋላ አውርዳ ነበር።

በሩን ቆልፋ ወጣች። ባጃጁ ውስጥ በሁለቱ ሴቶች መሐል ተጣብቃ ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች፤ መልሳ አነሳቻቸው። የምትይዘው ነገር ጠፋት። ዘምዘም ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ሥር የነበረውን፣ ለኒካሁ ያመጡትን የቴምር ካርቶን አነሡና ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«ያዢልኝ» አሉ። «እንዲህ ይዘሽው ትገቢያለሽ።»