የታጠበው ጠጠር

ሚኒባሶቹ አንጭንም አሉ። አዋሽ መናኸሪያ አንዱ ረዳት ጆንያውን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ “ይሄ ደግሞ ምን ሞቶበት ነው?” ሲል ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ይሸታል። ውስጡ ያለው ከአሮጌ የዓሣ ኩሬ ማጣሪያ የተዛቀ፣ ቡናማ ልጋግ የለበሰ ጠጠር ነው። ከተማ የሚባለው ባለቤቱ ግን ጆንያውን እንደ ልጅ አቅፎ ቆመ። በመጨረሻ ባዶውን ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ስዩም የሚባል የተሳቢ ሾፌር አዘነለትና፣ “ግባ፤ መስኮቱን ግን እንዳትዘጋው” አለው።

ከተማ በሰመራ የዓሣ ባለሙያ ነው። ቧንቧ ሲንጠባጠብ እልል በሚባልበት በረሃ የዓሣ ባለሙያ መሆን እንዴት እንደሚያስቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። “ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም” እያሉ ሲስቁበት አብሮ ስቋል። ከደጋ ሲመጣ ጥቁር የነበረው ፀጉሩ እዚያው ሸበተ፤ የሠራው ሥራ ሁሉ ግን ሪፖርት ሆኖ ቀረ። ሕይወት ያለው ነገር የሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የዙሌይካ ገንዳ ነው።

ዙሌይካ ከወሎ መጥታ ሱቅ የከፈተች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከተማ ለምኖ፣ ደጅ ጠንቶ፣ እሷንና ጎረቤቶቿን በማኅበር አደራጀና በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ማርባት አስጀመራቸው። ሴቶቹ የገቡበት ዙሌይካን አምነው ነው፤ ዙሌይካ ደግሞ እሱን አምና። ዓሦቹ ለምግብ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጎናቸው ላይ ቁስል ወጣ። ዙሌይካ አንጀቷ አልችል አለ። እሱን ሳትጠይቅ ፋርማሲ ሄደች፣ ቴትራሳይክሊን ገዛች፣ እንክብሉን እየከፈተች ገንዳው ውስጥ በተነችው። ቁስሉ ደረቀ። ሴቶቹም ተደሰቱ።

ዓሦቹ ግን ብዙም ሳይቆዩ ውሃው ፊት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዓሣ የሚሸናው በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ነው፤ ሽንቱም መርዝ ይሆንበታል። ያንን መርዝ እየበሉ ውሃውን የሚያድኑት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ማጣሪያው ጠጠር ላይ ልጋግ ሠርተው፣ ተጎራብተው ይኖራሉ። መድኃኒቱ ሌባና ዘበኛ አይለይም፤ ቁስል የሚያመጣውንም ውሃ የሚያድነውንም አንድ ላይ ጠራረጋቸው። ባክቴሪያዎቹ እንደገና እስኪበዙ ደግሞ ዓሦቹ አይጠብቁም። ያለው መላ ከአሮጌ ኩሬ ልጋጉን ከነጠጠሩ ማምጣት ነው፤ እሱም ሳይደርቅ ከደረሰ።

ይህን ሲያስረዳት ዙሌይካ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ አዳመጠች፤ አላለቀሰችም። ከተማም በልቡ እሰየው አለ። ሰው የሚያጽናናበት ጉልበት አልነበረውም። ሴቶቹ ውሃውን በባልዲ እየቀየሩ እንዲያቆዩለት ነግሮ ወደ አዋሽ ገሰገሰ።

ከአዋሽ ተነሥተው መንገድ ዳር ካለችው ገዋኔ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ስዩም መኪናውን አንድ ምግብ ቤት ጥላ ሥር አቆመና፣ “በዚህ ሙቀት ከነዳሁ ጎማ ይፈነዳል። በረድ እስኪል እንተኛ” አለ። ከተማ ሊከራከር አሰበና ተወው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሐቢባ የምትባል በዕድሜ ገፋ ያለች የወሎ ሴት ነበረች። የከተማን ፊት ስታይ ደነገጠች።

“ምን ነካህ ልጄ? እንቅልፍም አላየህ! ና፣ እዚህ አልጋ ላይ ጋደም በል።”

“ጆንያውን ጥላ ፈልጊለት እናቴ። እንዳይደርቅብኝ ውሃ አርከፍክፊበት።”

“ምንድን ነው እሱ?”

ከተማ አፉን ከፈተ። ስለ ገንዳው፣ ስለ ሽንቱ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ በዓይን ስለማይታዩት ነገሮች ከሥር ጀምሮ መናገር ይኖርበታል። ይህን ነገር ለስንት ሰው፣ በስንት ስብሰባ ተናግሯል! ሰለቸው።

“ጠጠር ነው” አለና ተኛ።

ሲነቃ ጥላው ዞሯል። ግቢው መሐል ንጹሕ ምንጣፍ ተዘርግቶ፣ ላዩ ላይ ነጭ፣ ግራጫ፣ ቀይማ ጠጠር ተሰጥቶ ያብረቀርቃል። ጆንያውም ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰቅሏል። ግቢው በረኪና በረኪና ይሸታል። ሐቢባ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ከምንጣፉ አጠገብ ቆማ ፈገግ አለች።

“ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ጠጠር አላየሁም! ጭቃው ደብቆት ነው እንጂ። ለእንግዳ ዕቃ ውሃ ማርከፍከፍ ብቻ ነውር ነው ብዬ ጥርት አደረግኩልህ።”

ከተማ ጠጠሩን በእጁ ዘገነ። ደረቅ ነው፣ ይሞቃል።

“ማን ንኪ አለሽ!” ብሎ ጮኸ። “ውሃ አርከፍክፊ አልኩሽ እንጂ ማን እጠቢ አለሽ! ስንት ነፍስ እንዳጠፋሽ ታውቂያለሽ? ዓሦቹን ጨረስሻቸው!”

እየበሉ የነበሩ ሾፌሮች ዞር አሉ። ሐቢባ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና፣ “የምን ዓሦች?” አለች። ወዲያው ግን፣ “አፉ በለኝ ልጄ፤ አላወቅኩም” ብላ አንገቷን ደፋች። ከተማ ትቷት ወጣ። በእናቱ ዕድሜ ያለች ሴት ላይ ጮኾ አያውቅም፤ ከአስፋልቱ ሳይደርስ አፈረ።

መኪናው ጥግ ቆሞ ዙሌይካ ጋ ደወለ።

“ዙሌይካ፣ ጠጠሩ ተበላሸ። ተመልሼ አዋሽ እሄዳለሁ። እስከ ነገ ውሃውን ቀይሩ፣ ብቻ እንዳታቆሙ...”

“አትመለስ ከተማ።”

“ለምን?”

“ዛሬ ጠዋት አልቀዋል። አንድም አልተረፈ። መንገድ ላይ ነህ፣ ብቻህን ሆነህ ከምትሰማው ሲደርስ ይየው ብዬ ነው ያልደወልኩልህ። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።”

ከተማ የተሳቢውን ጎማ ተደገፈ። ሁሉም ነገር አልቆ ሳለ እሱ እዚህ ተኝቶ ነበር። ገርሞት ማዘን እንኳ አቃተው፤ እንደገና “እንጀምር” ብሎ የሚለምንበት ምላስ እንደሌለው ብቻ ታወቀው።

“ጠጠሩንስ ምን አገኘው?” አለች ዙሌይካ።

“አንዲት ሴትዮ አጠበችው። ደግ መስሏት።”

“ምን አልካት?”

“ጮህኩባት። ዓሦቹን ጨረስሻቸው አልኳት።”



“ሂድና ጠዋት እንዳለቁ ንገራት” አለች ዙሌይካ። “እኔ ጨረስኳቸው እያለች አትደር።”

ተመለሰ። ሐቢባ ምንጣፉ ዳር ተቀምጣ ጠጠሩን አንድ በአንድ ወደ ጆንያው ትመልሳለች፤ የምትመልሰው እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀች ነው።

“እናቴ፣ ይቅር በይኝ። አንቺ ምንም አላደረግሽም። ዓሦቹ የሞቱት ጠዋት ነው፤ ጠጠሩ ሳይታጠብ ቢደርስም አይተርፉም ነበር።”

ሐቢባ ቀና ብላም አላየችው። “ልታጽናናኝ ነው። ቅድም የተናገርከው ከሆድህ ነው፤ የአሁኑ ከጨዋነትህ።”

“እውነቴን ነው።”

“ይሁን ልጄ። አላህ ይስጥህ” አለችና ጠጠሯን መልቀም ቀጠለች። የሰው ሐዘን ላይ እጇን የጨመረች መስሏታል፤ ምንም ቢላት አይወጣላትም። ከተማ እንደገና ዙሌይካ ጋ ደወለና ስልኩን ሰጣት። ከዙሌይካ ጋር ሰላምታው ረዘመ፤ አገር ተጠያየቁ፣ ሁለቱም ከወሎ ሆኑ። ከዚያ ሐቢባ ማዳመጥ ጀመረች። ግቢው ጸጥ ብሎ ስለነበር የዙሌይካ ድምፅ ለከተማም ይሰማው ነበር።

“አንቺ አይደለሽም እናቴ” ትላለች ዙሌይካ። “የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ቆስለው ሳይ አላስችል አለኝና መድኃኒት በተንኩባቸው። የሚጠብቃቸውን ገደልኩባቸው። እሱ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ አይዞሽም አላለኝ፤ ጥሎኝ ወደ አዋሽ ሄደ። ሴቶቹም ያውቃሉ፤ እነሱም ምንም አላሉኝም። እኔ ነኝ፣ ወላሂ እኔ ነኝ።”

ሐቢባ በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች። “አብሽሪ ልጄ” አለች፤ “አይዞሽ። አዝነሽ ነው እንጂ ጠልተሽ አይደለም። አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።” ብዙ ቆየች፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ “እህ፣ እህ” እያለች።

ከዚያ ስልኩን መለሰችለት። ቅድም ሲጮህባት አንገቷን የደፋችው ሴት አሁን ዓይን ዓይኑን አየችው።

“ብቻዋን ናት” አለችው። “እኔን ይቅርታ ስትጠይቅ ትውላለህ እንዴ? ሾፌሩን ቀስቅሰውና ሂድላት እንጂ!”