ደረጄ የደራረባቸው ትዕይንቶች

«ልጄ፣ ፍራሹ ላይ አረፍ በይ እንጂ። ሐዘንተኛ ኮምፒውተር ሲጎረጉር የት አይተሻል?» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ለተማርያም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ፅዮን ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። «እትዬ፣ የባለቤቴ እናት አዲጋላ ከተማ ታመው አልጋ ላይ ናቸው። ቀብሩ አመለጣቸው፤ ሠልስቱ አያመልጣቸውም።»

ካህናቱ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጸሎቱ ሊጀመር ነው። የሟቹ የደረጄ ባልደረባ ዴቅ ካሜራውን መግቢያው ላይ ተክሏል። ሁለቱ የጅጅጋንና የቀብሪበያን ሰርግ ሩቅ አገር ላለ ዘመድ በቀጥታ ሲያስተላልፉ የኖሩ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁልጊዜም የደረጄ ድርሻ ነበር።

ፅዮን ስክሪኑ ላይ ባለው የምስሎች ዝርዝር የካሜራውን ምስል ከታች አኖረች፤ ለመክፈቻ እንዲሆን የባሏን ፎቶግራፍ ደረበችበት። ወዲያው በፎቶው ላይ የአበባ ጌጥ፣ በአበባው መሐልም «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

ዴቅ ግንባሩን ያዘ። «አባዮ፣ እህቴ፣ የባለፈው ሰርግ ጌጥ ነው። እናቱ ይህን ካዩ…»

«አያዩትም። ስርጭቱን እስክነግርህ አትክፈት።»

ጽሑፉን ከዝርዝሩ ፈለገችው፤ የለም። ከኋላዋ ሹክሹክታ ተነሣ።

«ምናለ ለባለሙያ ብትተወው?»

«የትኛው ባለሙያ? እሱን አይደል የቀበርነው?»

ደረጄ የማያውቃትን ሙሽራ ሲሸኙ እያየ እንባውን የሚጠርግ፣ ከዚያም በራሱ የሚስቅ ሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ ስቱዲዮው ውስጥ አጠገቡ አስቀምጦ ምስሎችን እየደራረበ «ትዕይንት» የሚለውን እንዴት እንደሚሠራ አሳይቷት ነበር። «ጌጡን በየትዕይንቱ ስደጋግም አልውልም። ለብቻው አንድ ትዕይንት አደርገውና ሌሎቹ ውስጥ እከተዋለሁ። እዚያ አንዴ ሳስተካክል በሁሉም ይስተካከላል» አላት እየተኩራራ።

«አንዴ ብትሳሳትስ?»

«በሁሉም እሳሳታለሁ!» ብሎ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

አሁን ፅዮን በዝርዝሩ ከፎቶው በላይ «ጌጥ» የሚል ስም አየች። ከፈተችው። አበባውም ጽሑፉም እዚያ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱንም አጠፋቻቸው። ወደ ድንኳኑ ትዕይንት ስትመለስ የደረጄ ፊት ከነፈገግታው ጠርቶ ታየ።

«አሁን ክፈት» አለችው ዴቅን።

እትዬ ለተማርያም ወንበር ገፋ አድርገው አስጠጉላት። «በይ እንግዲህ ተቀምጠሽ ሥሪ፤ ወገብሽ ተቆረጠ።»

ፅዮን ወደ አዲጋላ ደወለች። ስልኩን ለአማቷ የያዘችላቸው ጎረቤታቸው ኒምኮ ነበረች። «መጥቷል፣ በደንብ ይታያል» አለች። ቀጥሎ የአሮጊቷ ድምፅ ተሰማ።

«ልጄን አየሁት። አሁን ደግሞ ሰዎቹን አሳዪኝ፤ ማን ማን መጣለት?»

ፎቶው ድንኳኑን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ዴቅ ጎንበስ ብሎ «ሰርዢው፤ ይቀላል» አላት።

«አልሰርዘውም።»

በማውሱ የፎቶውን ስም ይዛ በዝርዝሩ ከካሜራው ምስል በታች ሳበችው። ጣቷን እስክታነሣ ድረስ ግን ምንም አይለወጥም፤ ደረጄ አሁንም ያያታል። ቄሱ ጸሎቱን ጀመሩ።

«ፅዮንዬ፣ አለሽ?» አሉ አማቷ።

«አለሁ፣ እማማ።»

ጣቷን አነሣች። ካህናቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መምህራን፣ ከኋላ የቆሙት ኮፍያ የደፉ የጅጅጋ ነጋዴዎች ስክሪኑን ሞሉት።